ባትሪው ለየትኛው ሥራ? የንፋስና የፀሐይ ኃይልን ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የማጣመር ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የሚገኘው የሎይ ያንግ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ አንድ ክፍል በድንገት ከሥራ ወጣ። 560 ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ ጎደለ፤ የመረቡ ፍሪኩዌንሲም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመታው ምት፣ ከ50 ሄርዝ ወደ 49.8 ሄርዝ ወረደ። ከዚያ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት፣ በደቡብ አውስትራሊያ ሆርንስዴል በተባለ ስፍራ፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ባትሪ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ኃይል መልቀቅ ጀመረ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ተከፍሎት ተጠባባቂ የነበረው የኩዊንስላንድ የከሰል ማመንጫ ምላሽ የሰጠው ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነበር።

ዜናው ዓለምን ሲዞር እንደ ድል ተነገረ። ይሁን እንጂ ባትሪው በዚያች ሌሊት የለቀቀው 7.3 ሜጋ ዋት፣ ማለትም ከጎደለው ኃይል 1.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የታዳሽ ኃይል ደጋፊዎች ፍጥነቱን፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ትንሽነቱን እያነሱ ለዓመታት ተከራክረዋል። ሁለቱም ወገኖች ያነሱት ነጥብ እውነት ሆኖ ሳለ ክርክሩ ግን መቋጫ ያጣው፣ ባትሪው ምን እንዲሠራ እንደተገዛ ሳይጠይቁ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ስለሚጠይቁ ይመስለኛል። አንድ የባትሪ ጣቢያ የሰከንዶችን ጉድለት ሊሞላ ይችላል፤ የቀትርን ፀሐይ ወደ ምሽት ሊያሻግር ይችላል፤ የክረምትን ውኃ ለበጋ ማስተላለፍ ግን አይሆንለትም። የትኛው ሥራ እንደሚያስፈልግ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። ለኢትዮጵያ የሚሻለው መልስ ለአውስትራሊያ ወይም ለደቡብ አፍሪካ ከሚሻለው የተለየ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ስለ ሁለት መለኪያዎች ጥቂት ማለት ይገባል፤ በዜና ዘገባዎች ውስጥ ዘወትር ይምታታሉና። ሜጋ ዋት ባትሪው በአንድ ቅጽበት ሊለቅ የሚችለው ኃይል ሲሆን ሜጋ ዋት ሰዓት ደግሞ በውስጡ የሚይዘው ጠቅላላ መጠን ነው፤ በቤት ውስጥ ባለ ሮቶ ብንመስለው፣ የመጀመሪያው የቧንቧው ስፋት፣ ሁለተኛው የሮቶው መጠን ነው። ሆርንስዴል ሲመረቅ 100 ሜጋ ዋትና 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ነበር። በሙሉ ኃይሉ ቢለቅ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም ሳያልፍ ያልቃል ማለት ነው። ይህ አነስተኛ ቢመስልም የተገዛበት ዋና ምክንያት ለረጅም ሰዓት መብራት መስጠት አልነበረም።

ምክንያቱን ለመረዳት መረቡ የሚሠራበትን መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በተለመደው መረብ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በውኃ፣ በእንፋሎት ወይም በጋዝ ግፊት በሚሽከረከሩ ግዙፍ ጄኔሬተሮች ሲሆን፣ ሁሉም በአንድ ምት ይዞራሉ፤ ምቱም በኢትዮጵያም በአውስትራሊያም በሰከንድ 50 ዑደት ወይም 50 ሄርዝ ነው። የሚመነጨውና የሚፈጀው ኃይል እኩል እስከሆነ ድረስ ይህ ቁጥር አይናወጥም። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲወጣ የቀሩት ማሽኖች ሸክሙን የሚሸፍኑት ከራሳቸው የሽክርክሪት ጉልበት ቀንሰው ስለሆነ ፍጥነታቸው ይቀዘቅዛል፤ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ መከላከያ መሣሪያዎች ደንበኞችን በቡድን በቡድን ያቋርጣሉ፤ ያም ካልበቃ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ አንድ በአንድ ይወጡና መብራት በአገር ደረጃ ይጠፋል። የፀሐይ ፓነሎችና አብዛኞቹ ዘመናዊ የንፋስ ተርባይኖች ግን ከመረቡ ጋር የሚገናኙት በኢንቨርተር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለመረቡ በሚስማማ መልክ በሚቀይር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፣ አማካይነት በመሆኑ፣ በተለይ ካልተዘጋጁ በስተቀር ይህን የሽክርክሪት ጉልበት አያዋጡም። የእነሱ ድርሻ በጨመረ ቁጥር ለአንድ ዓይነት ጉድለት ፍሪኩዌንሲው የሚወርድበት ፍጥነት ይጨምራል፤ የመዳኛው ጊዜም ያጥራል።

ደቡብ አውስትራሊያ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። ግዛቲቱ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ዘጋች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን ኃይለኛ አውሎ ንፋስ የከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮችን ማማዎች ጣለ። ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ ዘጠኝ የንፋስ ማመንጫዎችም ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ንፋሱ አልቆመም፤ ተርባይኖቹም አልተሰበሩም። ቮልቴጁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲወድቅ ማምረታቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲያቆሙ የሚያዝ መቼት በመቆጣጠሪያ ሶፍትዌራቸው ውስጥ ነበር፤ የመረቡ አስተዳዳሪ ድርጅት ግን ይህን አያውቅም ነበር። ጉድለቱን ለመሸፈን ከቪክቶሪያ የሚመጣው ሄይዉድ የተባለው አገናኝ መስመር ከአቅሙ በላይ ተጫነና ተቋረጠ። 850,000 ያህል ደንበኞች ያሏት ግዛት በአንድ ጊዜ ጨለመች።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው ይታወቃል፤ የቴስላው ኢሎን መስክ ባትሪውን በ100 ቀን ውስጥ እንደሚያደርስ፣ ካልሆነም ገንዘብ እንደማይጠይቅ በትዊተር ቃል ገባ፤ ኒዮን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ባለቤት ሆኖ ጣቢያው ዲሴምበር 1 ቀን 2017 ሥራ ጀመረ። ከውርርዱ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ውሉ ነው። ከ100 ሜጋ ዋቱ ውስጥ 70ው ለ10 ደቂቃ ያህል ሊለቅ የሚችልበት መጠን ለግዛቱ መንግሥት የመረብ ደኅንነት ተለይቶ ተያዘ፤ ዓላማውም ሌሎች ማመንጫዎች ተነሥተው እስኪደርሱ ድረስ ጊዜ መግዛት ነው። ቀሪው 30 ሜጋ ዋት ለ3 ሰዓት የሚበቃ መጠን ተይዞለት ባለቤቱ ዋጋ ሲረክስ ገዝቶ ሲወደድ እንዲሸጥ ተተወለት። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ያዘ፤ ለእያንዳንዱም ለየብቻው ተከፈለ። የፍሪኩዌንሲ ማስተካከያ አገልግሎት በጥቂት ነባር ማመንጫዎች እጅ ሆኖ ዋጋው አንዳንዴ ሰማይ ይነካ በነበረበት ገበያ ውስጥ አዲሱ ተወዳዳሪ ሲገባ ዋጋው በፍጥነት ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጣቢያው ወደ 150 ሜጋ ዋትና 193.5 ሜጋ ዋት ሰዓት አደገ፤ በ2022 ደግሞ ኢንቨርተሮቹ እንደሚሽከረከር ማሽን ሆነው የፍሪኩዌንሲን መውረድ እንዲያዘገዩ የሚያደርግ አሠራር ተፈቀደለት። እንግዲህ መረቡን ያሳሳው ኢንቨርተር፣ በሌላ መቼት፣ መረቡን ደጋፊ ሆነ ማለት ነው።

የሰዓታቱን ሥራ በተመለከተ ግን የተሻለው ምሳሌ ያለው በአህጉራችን ነው። በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ኬፕ አውራጃ፣ ኬንሃርት በተባለች ደረቅ አካባቢ፣ ስካቴክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ 540 ሜጋ ዋት የፀሐይ ፓነልና 225 ሜጋ ዋት፣ 1,140 ሜጋ ዋት ሰዓት ባትሪ አጣምሮ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ያስተዳድራል። ውሉ የሚለው ቀላል ነው፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል 150 ሜጋ ዋት እንዲያቀርብ። ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሮ ከጠለቀች በኋላም መስጠት ይጠበቅበታል። ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ላየ ግን የዚህ አስተማማኝነት ዋጋ ግልጽ ነው፤ 150 ሜጋ ዋት ሳይናወጥ ለማቅረብ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ፓነል መትከል አስፈልጓል፤ ባትሪውም በ150 ሜጋ ዋት ሂሳብ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል የሚበቃ ነው። ለደቡብ አፍሪካ ይህ አዋጭ ሆኗል፤ ምክንያቱም አማራጩ ያረጁ የከሰል ማመንጫዎችና ዓመታት የፈጀ የመብራት ፈረቃ ነበር፤ በናፍጣ ከሚነዱ ተርባይኖች ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ምንም ነገር ርካሽ ነው። ካሊፎርኒያም በተመሳሳይ መንገድ ሄዳ፣ በ2024 የጸደይ ወቅት በአንዳንድ ምሽቶች ለአጭር ጊዜ ከሁሉም ምንጮች በላይ ለመረቡ ኃይል የሰጡት ባትሪዎች ሆነው ነበር።

ይህን ሁሉ ያስቻለው የዋጋ መውረድ ነው። የሊቲየም ባትሪ ጥቅል እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ገደማ ደርሷል። የእሳት አደጋ ስጋት አሁንም አለ፤ በጃንዋሪ 2025 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ በአንድ አሮጌ የማመንጫ አዳራሽ ውስጥ የተደረደሩ ባትሪዎች ተቃጥለው ከ1,000 በላይ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል። አሁን አብዛኞቹ ጣቢያዎች በብረት ፎስፌት ላይ የተመሠረተ፣ በቀላሉ የማይቀጣጠል ዓይነት ይመርጣሉ፤ በተራራቁ ኮንቴይነሮች ውስጥ ከቤት ውጭም ያስቀምጡታል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ የሰዓታቱና የወቅቱ ሥራ ባለቤት አስቀድሞ አለ፤ ግድቦቹ ናቸው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመጣ ነው። በአዳማ፣ በአሸጎዳና በአይሻ ያሉ የንፋስ ተርባይኖች በብርቱ ሲዞሩ፣ አንድ የውኃ ማመንጫ በዚያው ልክ መዝጊያውን ሊያጠብ ይችላል፤ ያልፈሰሰው ውኃ በሐይቁ ውስጥ ይቆያል፤ ንፋሱ ሲደክም ይለቀቃል። ባትሪ ሞልቶ ሲለቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ኃይል ሲያባክን፣ ባለበት የቆየ ውኃ ግን ከትነት በቀር ይህን ያህል ኪሳራ የለበትም። ከዚህም በላይ ተፈጥሮ ራሷ ያመቻቸችው ነገር አለ፤ በአብዛኛው ንፋሱ የሚበረታው ወንዞች በሚያንሱባቸው የበጋ ወራት ሲሆን፣ ክረምት ላይ ግድቦች ሲሞሉ ደግሞ ይለዝባል።

መጠኑንም ማነጻጸር ይጠቅማል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በሙሉ አቅሙ ቢሠራ፣ የሆርንስዴል ባትሪ ከተስፋፋ በኋላ የሚይዘውን ኃይል ሁሉ በሁለት ደቂቃ ከሩብ፣ የኬንሃርቱንም በ13 ደቂቃ ገደማ ያመነጫል። እንዲህ ያለ የውኃ ክምችት ያለው አገር፣ ቀትርን ወደ ምሽት ለማሻገር ሲል በውጭ ምንዛሪ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ባትሪ በዋናው መረብ ላይ ለመትከል ቢጣደፍ አስቸጋሪ ስሌት ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በብር የሆነ ፕሮጀክት ሁሉ ሂሳቡ ከብዷል። በእርግጥ የግድቦቹ አገልግሎት ገደብ አለው። ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ውኃ በማፍሰሻው ሲወጣ መዝጊያ ማጥበብ ትርጉም የለውም፤ ከግድብ በታች ያለ መስኖም የራሱን የውኃ ፍሰት ይፈልጋል፤ የመስመሮች አቅምም ኃይሉን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሁልጊዜ እንደልብ አያሳልፍም። ሆኖም እነዚህ ገደቦች በአመዛኙ በመስመርና በአስተዳደር የሚፈቱ ናቸው።

ባትሪ በኢትዮጵያ ዋና መረብ ላይ ቦታ የሚያገኘው እንግዲህ በሰከንዶቹ ነው። የውኃ ተርባይን ከባድ ሽክርክሪት ስላለው ኢትዮጵያ እንደ ደቡብ አውስትራሊያ የሽክርክሪት ጉልበት እጥረት የለባትም። ነገር ግን የውኃ ማመንጫ አንድ ብዙም የማይነገርለት ጠባይ አለው። ፍሪኩዌንሲ ወርዶ መቆጣጠሪያው መዝጊያውን ሲከፍት፣ በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ ያለው የውኃ ዓምድ በአንድ ቅጽበት ሊፈጥን ስለማይችል፣ በተርባይኑ ላይ ያለው ግፊት ለአፍታ ይቀንሳል። ስለዚህ ኃይል እንዲጨምር የታዘዘው ማሽን መጀመሪያ ኃይል ይቀንሳል፤ የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የተለመደና የማይቀር ነገር ቢሆንም፣ ጉድለቱ ትልቅ ሲሆን እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ይከብዳሉ። ከሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ፍላጎት ዝቅ በሚልበት ሌሊት አንዱ በድንገት ቢወጣ ለመረቡ ቀላል ጉዳት አይደለም። በሰከንድ ክፍልፋይ ምላሽ የሚሰጥና ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚበቃ ባትሪ፣ ውኃው እስኪፈጥን ድረስ ክፍተቱን ሊሸፍን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ደግሞ ከባለብዙ ሰዓቱ እጅግ ይረክሳል።

ክፍተቱ በሌላው አቅጣጫም ይፈጠራል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋው 500 ኪሎ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ሲሆን፣ ሽያጩ በ2022 መጨረሻ የጀመረው በ200 ሜጋ ዋት ነው። መስመሩ በድንገት ቢቋረጥ በኢትዮጵያ በኩል የሚፈጠረው ጉድለት ሳይሆን ትርፍ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ሽቅብ ይወጣል። ባትሪ ይህንንም መቀበል ይችላል፤ በዚያው ቅጽበት ከመልቀቅ ወደ መሙላት ይዞራልና። ሽያጩ እያደገ በሄደ ቁጥር በአንድ መስመር ላይ የሚንጠለጠለው ኃይልም አብሮ ስለሚያድግ፣ ይህ ጉዳይ ለወደፊት ብቻ የሚተው አይደለም። በጎረቤት ኬንያ ኦገስት 25 ቀን 2023 መብራት በአገር ደረጃ ሲጠፋ፣ 310 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የቱርካና ሐይቅ የንፋስ ማመንጫ መውጣቱ እንደ መነሻ ተነሥቶ ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ የወጣው በመረቡ ላይ በታየ የቮልቴጅ ከፍታ ምክንያት መሣሪያዎቹን ከጉዳት ለመጠበቅ መሆኑን ገልጿል። ማን ትክክል ነው ከሚለው ባሻገር፣ አንድ ትልቅ የንፋስ ማመንጫ በመጠነኛ መረብ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ክስተቱ ያሳያል።

መረቡ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ነገሩ ፈጽሞ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከዋናው መረብ ውጪ ባሉ መፍትሔዎች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። በገጠር ከተማ የሚተከል አነስተኛ የፀሐይ መረብ ያለ ባትሪ የቀን ብቻ መብራት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ባትሪው ምርጫ አይደለም። ነገር ግን መጠኑን የሚወስነው አምፖልና ቴሌቪዥን ሳይሆን ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ሠላሳ ቤቶች ምሽት ላይ በአንድ ጊዜ ቢጋግሩ ከ100 ኪሎ ዋት በላይ ይሆናል። ያን ለመሸከም የተገዛ ባትሪ በቀሪው ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ያድራል፤ በሳምንት ለሁለትና ለሦስት ምሽት ጥድፊያ ሲባል የአካባቢው ሰው ሁሉ ዋጋውን ይከፍላል። እዚህ ላይ ርካሹ መፍትሔ ተጨማሪ ባትሪ ሳይሆን የቀን ታሪፍን ከምሽቱ በግልጽ ዝቅ አድርጎ እንጀራው ፀሐይ ባለበት ሰዓት እንዲጋገር ማድረግ ነው። በቆላማ የአፋርና የሶማሌ አካባቢዎች ደግሞ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚቀንስ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ማቀዝቀዣውም ከባትሪው ኃይል ይበላል። ይህ በጨረታ ሰነድ ላይ ካልተጻፈ በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ላይ ይታያል።

ከቴክኖሎጂው ይልቅ ኢትዮጵያን የሚያስቸግራት የክፍያው ሥርዓት እንደሚሆን እገምታለሁ። አውስትራሊያ ለሰከንዶች የሚከፍል ገበያ ነበራት፤ ባትሪው የገባው ዋጋ በተቆረጠለት አገልግሎት ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ የኃይል ገዢው አንድ ነው፤ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል። ከግል አልሚ ጋር የሚደረግ የተለመደ የኃይል ግዢ ውል የሚከፍለው ለተረከበው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዚህ ዓይነት ውል ባትሪ የጨመረ የንፋስ አልሚ ተጠባባቂ ሆኖ ለቆመበት ሰዓት ምንም አያገኝም፤ እንዲያውም ባትሪው የሚያባክነው ኃይል ከገቢው ይቀነስበታል። ስለዚህ ወይ መንግሥት ባትሪውን ራሱ ገዝቶ እንደ አንድ የሰብስቴሽን ዕቃ ሊይዘው፣ ወይም ለዝግጁነት በሜጋ ዋት የሚከፍል የተለየ ውል ማዘጋጀት ይኖርበታል። ለጊዜው የመጀመሪያው የሚሻል ይመስለኛል፤ ባትሪው የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው የመረቡን ድክመት የሚያውቀው አካል ይሆናልና።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ መለካት ግዴታ ነው። ሆርንስዴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጁላይ እስከ ኖቬምበር፣ እሰጣለሁ ብሎ ክፍያ የሚቀበልበትን የፍሪኩዌንሲ ድጋፍ በገባው ቃል ልክ መስጠት የማይችልበት መቼት ላይ ቆይቷል። ነገሩ የተገለጠው በኦክቶበር ኩዊንስላንድ ውስጥ ኮገን ክሪክ የተባለው የከሰል ማመንጫ በድንገት ወጥቶ ባትሪው ከተጠበቀው ያነሰ ምላሽ ሲሰጥ ነው። ተቆጣጣሪው አካል ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስዶ በ2022 የ900,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት አስወሰነ። ይህ የተቻለው የባትሪውን ምላሽ የሚመዘግብ ፈጣን መሣሪያ፣ መዝገቡን የሚያነብ ባለሙያና የሚጠይቅ ተቋም ስለነበሩ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ትልቅ የመረብ ባትሪ ጨረታ ሲወጣ፣ ክፍያው በሰከንድ ክፍልፋይ በተመዘገበ ምላሽ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን፣ መዝጋቢው መሣሪያም ከሻጩ እጅ ውጪ እንዲቀመጥና ንባቡ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በቀጥታ እንዲደርስ በሰነዱ ላይ ከወዲሁ መጻፍ አለበት።